መልስ፦ የቶም ያም ቅመም ቨርጂኒያ ውስጥ የት ይገኛል?

ሰላም እህቴ። አሌክሳንድሪያ ሆነሽ ለታይላንዱ ቶም ያም ሾርባ የሚሆን ጋላንጋልና የላይም ቅጠል የት እንደሚገኝ ጠይቀሻል። ፎልስ ቸርች ወዳለው ኤደን ሴንተር ሂጂ። ከ100 በላይ ሱቆች ያሉት የቬትናሞች የገበያ ማዕከል ነው። ቅዳሜና እሁድ ፓርኪንጉ ስለሚጨናነቅ በጠዋት ድረሺ።

ጋላንጋል ዝንጅብል ይመስላል፤ ግን ቆዳው ነጣ ያለና የሚያብረቀርቅ ነው፣ ሽታው ደግሞ ወደ ጥድ ያደላል። እባክሽ በዝንጅብል አትተኪው፣ ሾርባው ሌላ ነገር ነው የሚሆነው። ትኩሱን ካጣሽ የበረዶ ዕቃ ያለበትን ፍሪዘር እይ። የላይም ቅጠሉን በዛ አድርገሽ ግዢ፤ ፍሪዘር ውስጥ ለወራት ይቆያል።

ሌመንግራስ የሚሉት የኛው ጠጅ ሳር ነው! እኛ ቅጠሉን ሻይ ውስጥ እንጨምራለን፤ ለዚህ ሾርባ የሚፈለገው ግን ከሥሩ በላይ ያለው ነጣ ያለ ግንዱ ነው። በቢላዋ ጀርባ ቀጥቀጥ አድርገሽ ጨምሪው።

ሾርባው ውስጥ የሚገባውን የዓሣ ሶስ ስትገዢ የጠርሙሱን ጀርባ አንብቢ፣ የተጨማመረበት ነገር ባነሰ ቁጥር ይሻላል። በጾም የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ የተዘጋጀ የካሪ ፔስት (እንደ ድልህ ያለ የተፈጨ ቅመም) ላይ ተጠንቀቂ። ብዙዎቹ ውስጥ ሽሪምፕ (ትንሽ የባሕር እንስሳ) አለ።