ዳምፐሩ 80 በመቶ ላይ ለምን ይቆማል? መጀመሪያ ቮልቱን ደምር

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። የከሰል ወፍጮው የሙቅ አየር ዳምፐር (የአየሩን መተላለፊያ የሚከፍትና የሚዘጋው በር) ከኮንትሮል ሩም 100 በመቶ ሲታዘዝ 80 አካባቢ ደርሶ ይቆማል። ከዚያ በታች ያለውን ትእዛዝ ግን አሳምሮ ይከተላል። ዜነር ባሪየሩን (ፍንዳታ እንዳይነሳ ወደ ወፍጮው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚገድበውን) በአዲስ ቀየራችሁት፣ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ፖዚሽነሩን (ትእዛዙን ተቀብሎ ዳምፐሩን በአየር ግፊት የሚያንቀሳቅሰውን) ልትፈቱት ነው። ቆይ፣ እሱን ለጊዜው አትንካው።

እኔ የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። እኛም ጋ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈረድበት ባሪየሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ደህና ነው። ሥራውን እየሠራ ነው፣ ሥራው ደግሞ ቮልት ይበላል።

እስቲ እናስላው። ትእዛዙ የሚላከው በከረንት ነው፣ 0 በመቶ 4 ሚሊ አምፕ፣ 100 በመቶ 20 ሚሊ አምፕ። ይህን ከረንት የሚያወጣው አናሎግ አውትፑት ካርድ እስከ ስንት ኦም ድረስ 20 ሚሊ አምፕ መግፋት እንደሚችል ዳታሺቱ ላይ ተጽፏል። 750 ኦም ከሆነ 15 ቮልት አለው ማለት ነው። ሁሉም የሚቆርሰው ከዚችው 15 ቮልት ነው። 28 ቮልት 300 ኦም የሚባለው የተለመደው ባሪየር፣ ፊውዙ ተጨምሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ 340 ኦም ገደማ ይሆናል። በ20 ሚሊ አምፕ 6.8 ቮልት ወሰደ። ፖዚሽነሩ 9 ቮልት ይፈልጋል እንበል። 400 ሜትር ባለ 1 ካሬ ኬብል ደርሶ መልስ 14 ኦም ገደማ ነው፣ 0.3 ቮልት። ድምሩ 16.1 መጣ። ካርዱ ያለው 15 ነው። ስለዚህ ከረንቱ 17 ሚሊ አምፕ አካባቢ ሲደርስ አቅሙ ያልቃል። 17 ሚሊ አምፕ ደግሞ 80 በመቶ አለፍ ቢል ነው። አንተ ጋ የሚታየው ይኸው ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው 100 ትእዛዙ ነው እንጂ የወጣው ከረንት አይደለም።

አዲሱ ባሪየር ያላዳነህም ለዚህ ነው። እሱም ያው 340 ኦም ነዋ!

ይህ ግምት ነው፣ በልኬት አረጋግጠው። በካርዱ በኩል ሚሊ አምፕ ሜትር በተከታታይ አስገባና 25፣ 50፣ 75፣ 100 እያልክ እዘዝ። 8፣ 12፣ 16 በትክክል መጥቶ 20 ላይ ሲደርስ ብቻ ከቀረ፣ ጉዳዩ የቮልት ማነስ ነው። ካርዱ 20 እየሰጠ ዳምፐሩ ከቀረ ግን ወይ ከረንቱ መንገድ ላይ እየሾለከ ነው፣ ወይ ችግሩ ዳምፐሩን ከሚገፋው የታመቀ አየር ነው። አየሩን ደግሞ ቀላል አታድርገው። በእኛ አገር የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ፣ አየሩ በደንብ ካልደረቀ ውጭ ባለው ቱቦ ውስጥ ውሃው በረዶ ሊሠራ ይችላል።

አደራ፣ የባሪየሩ ሰማያዊ ተርሚናል ካቢኔ ውስጥ ቢሆንም ፊልድ ነው፣ ፍንዳታ ሊነሳበት ከሚችለው ቦታ ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው። ተራ መልቲሜትር እዚያ ላይ የሚገባው ወፍጮው ቆሞ፣ ቦታው ከከሰል ብናኝ ነጻ መሆኑ ታይቶ፣ ፐርሚት ወጥቶ ነው።

ስለ መሹለክ ካነሳን፣ ክረምት ላይ አንድ ቫልቭ ጠዋት ጠዋት ወደ 5 በመቶ ይጎድልብን ነበር። ፀሐይ ሲወጣ ይስተካከላል። ጀንክሽን ቦክሱ ሲከፈት ኬብሉ የገባው ከላይ ነበር። ውሃው ኬብሉን ተከትሎ ወርዶ ተርሚናሉን አረንጓዴ አልብሶታል። እርጥቡ ተርሚናል 10 ኪሎ ኦም ቢሆን እንኳ በ9 ቮልት 0.9 ሚሊ አምፕ ይሰርቃል፣ ከ5 በመቶ በላይ ማለት ነው። ልዩነቱን ያዝ። ይህኛው በ50 በመቶም ይጎድላል፣ ያንተ ግን ጫፉ ላይ ብቻ ነው።

መፍትሔው? እኔ ብሆን ዜነሩን በራሱ 24 ቮልት በሚሠራ አይሶሌተር (የካርዱንና የፊልዱን ወገን ለያይቶ ከረንቱን ራሱ በሚገፋ) እለውጠዋለሁ። ብዙዎቹ በፊልድ በኩል 700፣ 800 ኦም ይገፋሉ፣ ያንተ ፖዚሽነርና ኬብል ደግሞ 465 ኦም አይሞላም። ዜነሩ የሚፈልገውን፣ ከ1 ኦም በታች የሚባለውን ልዩ ግራውንድ ከመጠበቅም ትገላገላለህ። ፊውዙ የተቃጠለ ባሪየርን በሽቦ ዘሎ ማለፍ ግን በፍጹም፣ ለአንድ ሺፍትም ቢሆን።

አይሶሌተሩ ከገባ በኋላ ሉፑ (ከረንቱ የሚዞርበት መንገድ) ሁለት ነው። በካርዱ በኩል 20 ስላነበብክ ፊልድ ላይ 20 አለ ማለት አይደለም። ፖዚሽነሩ ጋ ደርሰህ ለካው። ስትገዛም የአይሶሌተሩ ከፍተኛ ቮልት፣ ከረንትና ፓወር ፖዚሽነሩ ሰርተፊኬት ላይ ከተፈቀደው እንዳይበልጥ አመሳክር። የኬብሉ ካፓሲታንስም (ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) ይደመራል።

አንድ የእኛ አካባቢ ነገር ልጨምር። የፍንዳታ መከላከያ ስታንዳርዱ መነሻ የሚያደርገው ከ80 እስከ 110 ኪሎ ፓስካል የአየር ግፊት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግፊቷ ከ80 በታች ነው። ብዙ ዳታሺቶችም 2,000 ሜትር ላይ ይቆማሉ። ለሻጩ የቦታህን ከፍታ ጽፈህ መልስ በጽሑፍ ተቀበል።

ለአሁኑ በ50 እና በ100 በመቶ ያነበብከውን ሚሊ አምፕ እዚህ ጻፍልን። የካርዱንና የፖዚሽነሩን ሞዴልም ጨምርበት፣ ያንተን ትክክለኛ ድምር አብረን እንሠራዋለን።