ለሐረጎ ዳገት የትኛው ቴርሞስታት?

ጥያቄ፦ መኪናዬ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ቶዮታ ነው፤ የቱርቦው ግፊት ከፋብሪካው ከፍ ተደርጓል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ስወጣ ሙቀት ይሠራል፤ ጌጁ ከመሀል ያልፍና ዳገቱ ሲያልቅ ይመለሳል። አንዱ መካኒክ «የ82 ዲግሪውን ቴርሞስታት አውጣና የ71 ዲግሪ አስገባ» ይላል፤ ሌላው «ጭራሽ አውጥተህ ጣለው» ይላል። የማንን ልስማ?
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የሁለቱንም አይስሙ፤ 82ቱ ባለበት ይቆይ። ቴርሞስታት ውሃው ወደ ራዲያተሩ የሚሄድበትን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ ነው፤ የሚጠብቀውም ሞተሩ ከልክ በታች እንዳይቀዘቅዝ ነው። ሙቀቱ እስከ የት እንደሚወጣ የሚወስኑት ራዲያተሩ፣ ፋኑ፣ የውሃ ፓምፑና የራዲያተሩ ክዳን ናቸው። የ82ቱ በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምርና 95 አካባቢ ወለል ይላል። ጌጅዎ ከመሀል ሲያልፍ ቴርሞስታቱ ደህና ከሆነ ቀድሞ ተከፍቷል፤ የ71 ቢሆንም ከዚያ በኋላ የሚጨምረው ነገር የለም። ትርፉ ጌጁ የሚወጣበትን ሰዓት በጥቂት ደቂቃ ማዘግየት ነው።

ችግሩ ከፍታው ላይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲደርስ ጉልበቱም ሙቀቱም አብሮ ይቀንሳል። ቱርቦ ግን የጎደለውን አየር ጠቅጥቆ ይሞላል፤ ስለዚህ ሙቀቱ እንዳለ ሆኖ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ብቻ ይሳሳል።

መጀመሪያ የሚታየው ክዳኑ ነው። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ይህን ወደ 114 ያደርሰዋል፤ ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊቱን ስለሚለቅ ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ውሃው ይፈላል። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሳይከራከሩ ይቀይሩት። ከዚያ በራዲያተሩና በኤሲው ኮንደንሰር መካከል የተጋገረውን አቧራና ገለባ ያጽዱ። የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲጨመርበት ከቆየ ውስጡ ደለል ስለሚይዝ አሳጥበው ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ይሙሉ። ፋኑ ከ92 እስከ 95 ባለው መነሣት አለበት።

የ71 ቦታው ውድድር ነው፤ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ተጨንቆ ሲሠራና ማንኳኳት (ነዳጁ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለ አግባብ መፈንዳቱ) ሲያሰጋ፣ ኮምፒውተሩም ለዚያ ሲስተካከል። በከተማ መንገድ ግን ኮምፒውተሩ «ገና አልሞቀም» ብሎ ነዳጅ ሊያበዛ ይችላል፤ ትርፉ ነዳጅ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ ዘይቱም ውስጥ ያለው እርጥበት ሳይተን ይቀርና ጭቃ ይሆናል።

አውጥቶ መጣሉ ደግሞ የባሰ ነው። በብዙ ቶዮታ ሞተሮች የቴርሞስታቱ የታችኛው ሳህን ሲከፈት ውሃውን ራዲያተሩን አሳልፎ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ ቱቦ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከሌለ አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ የፈላው ውሃ በከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ቁልቁለቱን ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ይቀዘቅዛል፣ ዳገቱን ሲወጡ ይፈላል።

ጥያቄ፦ አዲስ የ88 ዲግሪ ቴርሞስታት ገዝቼ ድስት ውስጥ ቀቀልኩት። ውሃው እየተንተከተከ በጭንቅ ገርበብ አለ። ይመለስልኝ ልበል?
(ከደሴ)

መልስ፦ አይቸኩሉ፣ ዕቃው ደህና ሊሆን ይችላል። ክፍት ድስት ደሴ ላይ ከ92 አያልፍም፤ የ88ቱ ደግሞ ሙሉ ለመከፈት 100 አካባቢ ይፈልጋል። ውሃውን በእኩል ኩላንት ቀላቅለው ይሞክሩ፤ ድብልቁ ከ95 በላይ ይደርሳል። መርዝ ነውና የምግብ ድስት አይጠቀሙ፣ ከቤት ውጭ ያድርጉት። ቴርሞስታቱን በሽቦ አንጠልጥለው ቴርሞሜትሩን አጠገቡ ያድርጉ፤ ሁለቱም የድስቱን ሆድ አይንኩ። በ88 አካባቢ ስንጥቅ ብሎ ከጀመረና ድብልቁ ሲሞቅ ክፍተቱ እየሰፋ ከሄደ ጤነኛ ነው፤ ሲቀዘቅዝም ጥብቅ ብሎ መዘጋት አለበት።

ሲገጥሙ የምትወዛወዘዋ ትንሽ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ አየሩ የሚወጣው በእሷ በኩል ነው። ጓርኒሲዮኑን (የመጋጠሚያውን ማሸጊያ) አዲስ ያድርጉ፣ ትንንሾቹን ብሎኖች ከ10 ኒውተን ሜትር አያሳልፉ፤ አልሙኒየሙ ክሩን ይለቃል። ሂተሩን ሙሉ ከፍተው፣ ክዳኑን ሳይዘጉ፣ አረፋው እስኪያቆም ሞተሩን ያስነሡና የጎደለውን ይሙሉ።