የቪክቶሪያ ዘመን ጥንድ ፎቶ፦ የእንግሊዝ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ካርድ (ጥያቄና መልስ)

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (1837–1901) የተነሳ፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ያለበት የስቴሪዮስኮፕ ካርድ (ጥንዱ ፎቶ በባለ ሁለት ሌንስ መመልከቻ ሲታይ ጥልቀት ያለው አንድ ምስል የሚሆንበት) እጃችሁ ከገባ ያሻችሁን ጠይቁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ አንድ ዓይነት ሁለት ፎቶ ተለጥፏል። ለምን?

መልስ፦ አንድ ዓይነት አይደሉም። በዓይኖቻችን መካከል 6.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ስላለ እያንዳንዱ ዓይን ትንሽ የተለየ ነገር ያያል፤ ካርዱም ይህንኑ ነው የሚያቀርበው። ማስመሪያ ይያዙና ከፊት ካለው የመቃብር ድንጋይ እስከ በሩ መቃን በሁለቱም ላይ ይለኩ። ድንጋዩ ከግድግዳው አንጻር በግራው ፎቶ ወደ ቀኝ፣ በቀኙ ደግሞ ወደ ግራ ያደላል። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው።

ጥያቄ፦ በመመልከቻው ሳየው ማማው ወደ ፊት ይወጣል፣ መቃብሮቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ዓይኔ ይሆን?

መልስ፦ ዓይንዎ ደህና ነው፤ የተሳሳተው ለጣፊው ነው። ሌንስ ምስልን ስለሚገለብጥ፣ የባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ ኔጌቲቭ (ፎቶው የሚታተምበት ዋናው ግልባጭ ምስል) ሳይቆረጥ ሲታተም የግራው በቀኝ በኩል ይወጣል። ህትመቱን ለሁለት ቆርጦ ቦታ ማለዋወጥ የግድ ነበር። ዋናውን እንዳይነኩት፤ በስካን የወጣውን ቅጂ ያለዋውጡ።

ጥያቄ፦ የማማው ሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ በግራው ፎቶ 2 ላይ ነው፣ በቀኙ 3 ሊደርስ ነው።

መልስ፦ እንዲህ ያለ ዓይን ይስጠን! ፎቶው የተነሳው በባለ አንድ ሌንስ ካሜራ ነው፤ አንዱን አንስቶ፣ ካሜራውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ሁለተኛውን። በመሃል ፀሐይ ስለሄደች ጥላዎቹም አይገጥሙም፤ ሲታዩ መሬት የለቀቁ ይመስላሉ። በአንዱ ብቻ ያለ ሰው ካለም እንደ መንፈስ ብልጭ ይላል።

ጥያቄ፦ ዘመኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ማዕዘኑ ሹል፣ ካርቶኑ ዝርግ ከሆነ ባብዛኛው የ1850ዎቹ ወይም የ1860ዎቹ ነው። የተጠጋጋ ማዕዘን ከ1860ዎቹ መጨረሻ ወዲህ፣ የጎበጠ ካርቶን ከ1880 ገደማ ወዲህ ተለመደ። ሆኖም የቆየ ኔጌቲቭ በአዲስ ካርቶን ይታተም ስለነበር እኔ ይበልጥ የማምነው ሕንፃውን ነው። በዚያ ዘመን አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት በብዛት ታድሰዋል፤ በር ያላቸው የሣጥን መቀመጫዎችና የእንጨት ሰገነቶች ተነቅለዋል። ለእድሳት የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበር ሰነዱን በአውራጃው መዝገብ ቤት ይፈልጉ። የውስጡ ፎቶ ሰገነቱን ካሳየ የተነሳው ሰገነቱ ከመነቀሉ በፊት ነው።

ጥያቄ፦ ካርዱ ጎብጧል፣ ቢጫም ሆኗል። ላቃናው? ልጠበው?

መልስ፦ ሁለቱንም ተዉ። ጉብጠቱ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሲጫኑት ላዩ ይሰነጠቃል። ምስሉን የያዘው የእንቁላል ነጭ ነው፤ ቢጫነቱም ባብዛኛው ከዚያ የሚመጣ ስለሆነ አይታጠብም። ውኃ ሙጫውን ያላቅቃል። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ጥረጉለት፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ውስጥ አኑሩት።

ጥያቄ፦ ያለ መመልከቻ በስልክ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። የካርዱ ምስሎች መሃል ለመሃል ብዙውን ጊዜ ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚራራቁ ለባዶ ዓይን ይከብዳሉ። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ያድርጉና ርቀቱ 6 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ያሳንሱት። ሩቅ ተራራ የሚያዩ ያህል ዓይንዎን ይልቀቁት፤ ሦስት ምስል ይታያል፣ ጥልቀት ያለው የመሃሉ ነው። ራስ ካመመዎ ያቁሙ።