ዱካክ በጡት አይጋባም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ አዘዞ ነው። ናርኮሌፕሲ (ቀን ሳይቀር እንቅልፍ በድንገት የሚጥል ሕመም) አለብሽ ተብዬ መድኃኒት እወስድ ነበር፤ ሳረግዝ በራሴ አቆምኩ። አሁን የ2 ወር ልጅ አለችኝ። እያጠባኋት እንቅልፍ ይጥለኛል። አንዳንዴ ስነቃ ሰውነቴ አልንቀሳቀስ ይለኛል። አማቴ «ዱካክ ነው፤ በጡትሽ ይጋባባታል» ይላሉ። ጎረቤቴ ጫት ቃም አድርጊ ብላኝ ጀምሬያለሁ። ማጥባቱን ልተው?

መልስ፦ አይተዉ። ናርኮሌፕሲ በወተት አይተላለፍም። ዱካክ የሚሉትም አእምሮ ነቅቶ ጡንቻ ገና ከእንቅልፍ ሳይላቀቅ ሲቀር የሚመጣ ነው። ያስጨንቃል፣ ቶሎ ይለቃል፣ ወደ ልጅ አይሄድም።

እርስዎን የሚያስጨንቅዎ ግን ወተቱ አይመስለኝም። «ተኝቼ ልጄን ብጎዳትስ» የሚለው ነው። እሱ የእውነት ስጋት ነው። ስለዚህ ሶፋ ላይ አያጥቡ። ብዙ እናት አልጋውን ፈርታ ሶፋ ላይ ትቀመጣለች፤ ለሕፃን ከአልጋ የባሰው ግን ሶፋ ነው። እንቅልፍ ሲጥልዎ ክንድዎ ይላላል፣ ልጅቷ በእርስዎና በመደገፊያው መካከል ትሸጎጣለች። በ2 ወሯ ፊቷ ከታፈነ ራሷን ማዳን አትችልም። ባለመደገፊያ ወንበርም ያው ነው። ጠንከር ያለ ፍራሽ መሬት ላይ ያንጥፉ፣ ከግድግዳ ይራቅ፣ ትራሱ ይነሳ፣ በጎንዎ ተኝተው ያጥቡ። አንድ ጋቢ አብረው አይልበሱ! የጎንደር ሌሊት እንደሚበርድ አውቃለሁ፤ ለልጅቷ ልብስ ይጨምሩላት። አማትዎ አጠገብዎ ይቀመጡ፤ ጠብታ ስትጨርስ ተቀብለው በራሷ መኝታ በጀርባዋ ያስተኟት። ስለ ዱካክ ከሚጨነቁ ይህ ይሻላቸዋል።

በዚሁ ሕመም የተነሳ ሲስቁ ጉልበትዎ የሚከዳዎ ከሆነ ታቅፈዋት አይቁሙ። ገላዋን ስትታጠብም ሌላ ሰው ይኑር።

ጫቱንስ ማን አዘዘልዎ? አነቃቂው ነገር ወደ ወተት ያልፋል። ዛሬውኑ ያቁሙ። ቡና ሁለት ሦስት ስኒ ቢጠጡ አልቆጣም።

መድኃኒት በራስ ማቆም፣ ከዚያ ወልዶም ሁለት ወር ዝም ማለት፣ ይሄ አይገባኝም። ያረገዙ ዕለት መጠየቅ ነበረብዎ። አሁንም የተረፈ ኪኒን ካለ በራስዎ አይጀምሩት፤ አንዳንዱ ከማጥባት ጋር ይሄዳል፣ አንዳንዱ አይሄድም። በዚህ ሳምንት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሂዱና የሚያጠቡ መሆንዎን አስቀድመው ይናገሩ። የደም ማነስም ይመርመሩ፤ ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ ድካሙንም ያባብሳል።

ልጅቷ ራሷ ለመጥባት አልነቃ ካለች ግን የሳምንት ቀጠሮ የለም። በዚያው ሰዓት ይዘዋት ይሂዱ።