ዌብሳይትሽን ከመነካካትሽ በፊት

እህታችን የጠየቀችው ይህን ነው፦ ሐዋሳ ያለው ገስት ሃውሷ ጎግል ላይ የመጀመሪያው ገጽ ይወጣ ነበር። ሰሞኑን ወረደባት። አንድ ባለሙያ "ጎግል አፕዴት አድርጓል፤ ባክሊንክ እንግዛ፣ ጽሑፉንም በኤአይ እናብዛው" ብሏታል። አፕዴት ማለት ጎግል ገጾችን የሚያስቀድምበትን መንገድ ሲቀይር ነው፤ ባክሊንክ ደግሞ ከሌላ ዌብሳይት ወደ እሷ የሚመራ ሊንክ ነው። ልክፈል ወይስ አልክፈል ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ አትክፈይ። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ለሆቴሎች፣ ለፔንሲዮኖችና ለአስጎብኚዎች ዌብሳይት እየሠራሁ ነው የምተዳደረው። "ጎግል ጣለኝ" ብሎ የሚደውል ደንበኛ አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ግን የጣለው ጎግል አይደለም። ጎግል የሆነ እንደሆነም መድኃኒቱ ባክሊንክ አይደለም።

መጀመሪያ ምን እንደወረደ እንወቅ። ሰርች ኮንሶል የሚባለውን የጎግል መሣሪያ ክፈቺ፤ ነፃ ነው። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ገብተሽ ሁለት ወቅቶችን አወዳድሪ። ገጽሽ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ሰው እንደነካው፣ በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደወጣ ያሳይሻል። ብዙ ሰው ክሊኩን ብቻ አይቶ ይደነግጣል። እኔ ቀድሜ የማየው አማካይ ደረጃውን ነው። ደረጃሽ ያው ሦስተኛ ሆኖ ክሊኩ ብቻ ከቀነሰ አልወረድሽም። ከአንቺ በላይ ሌላ ነገር ገብቶ ይሆናል። ካርታ ሊሆን ይችላል፣ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ጎግል በፈረንጆቹ 2024 አሜሪካ ላይ ጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ያስፋፋው የኤአይ ማጠቃለያ ይሆናል። ሰውየው መልሱን እዚያው አንብቦ ይሄዳል። ይህን በባክሊንክ የሚያስተካክል ሰው የለም።

ወቅቱንም አስቢ። ለታኅሣሥ ገብርኤል ከተማችን በእንግዳ ትሞላለች፤ ሰው አስቀድሞ አልጋ ይፈልጋል። ጥርን ከታኅሣሥ ጋር ካወዳደርሽ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ መውረዱም የጤና ነው። ሰርች ኮንሶል የ16 ወር መረጃ ስለሚይዝ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር አስተያዪው። ለፍቼ ጨምበላላ ግን ይህም አይሠራም። ቀኑን አያንቶዎች፣ የሲዳማ የዘመን ቆጠራ አዋቂዎች፣ ሰማዩን አይተው ስለሚወስኑት በየዓመቱ ይለዋወጣል። እዚህ ላይ የበዓሉን ሳምንት ከበዓሉ ሳምንት ጋር ነው ማወዳደር። ሌላ አገር ተቀምጦ ሪፖርት የሚያነብልሽ ባለሙያ ይህን አያውቅም።

ደረጃው ራሱ ከሦስተኛ ወደ ሃያኛ ወርዶ ከሆነ ቀኑን ያዢ። ጎግል ትላልቅ አፕዴቶቹ መቼ ጀምረው መቼ እንዳለቁ ሰርች ስታተስ ዳሽቦርድ በሚለው ገጹ ላይ ይጽፋል። አፕዴት በአንድ ሌሊት አያልቅም፤ በመጋቢት 2024 የተጀመረው 45 ቀን ፈጅቷል። በመሃል ደረጃው ይወጣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ አልቋል እስኪባል ጠብቂ፣ ከዚያም አንድ ሳምንት ጨምሪበትና ያኔ አወዳድሪ።

ቀኑ ካልገጠመ ችግሩ ከቤት ነው። እዚሁ ሐይቁ አጠገብ ያሉ አንድ የፔንሲዮን ባለቤት "ጎግል ቀጣኝ" ብለው መጡ። ስናጣራ ዌብሳይቱ በዚያው ሰሞን እንደ አዲስ ተሠርቷል። የክፍሎቹ ገጽ አድራሻ ተቀይሯል፤ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚመራ ሪዳይሬክት ግን አልተደረገም። የድሮውን ሊንክ የነካ እንግዳ ባዶ ገጽ ነው የሚያገኘው። በዚያ ላይ ሠሪው ሥራው እስኪያልቅ ጎግል እንዳያስገባው ብሎ የጻፈውን የኖኢንዴክስ ትእዛዝ ሳያነሳ ሄዷል። ሰርች ኮንሶል ደግሞ ይህን ሁሉ በግልጽ ጽፎታል፤ የከፈተው ሰው አልነበረም እንጂ። ሁለቱን አስተካክለን ጎግል ገጾቹን እንደገና እንዲያይ ጠየቅን፤ ተመለሱ። ለባክሊንክ ሊወጣ የነበረው ብር ኪሳቸው ቀረ።

ቀኑ ከገጠመስ? አሁን ወደ ባለሙያሽ ምክር እንምጣ። በፈረንጆቹ 2011 ፓንዳ የሚባለው ለውጥ ሲመጣ ያነጣጠረው የተገለበጠና ፍሬ የሌለው ጽሑፍ ላይ ነበር። በ2012 የመጣው ፔንግዊን ደግሞ ደረጃ ለማሳደግ ተብሎ የተገዛና የተደረደረ ሊንክ ላይ አነጣጠረ። በመጋቢት 2024 ጎግል ደረጃ ለማግኘት ብቻ በገፍ የሚመረት ጽሑፍን ከልክሏል፤ ሰውም ይጻፈው ማሽን ለውጥ የለውም። እንግዲህ እይው፤ ባለሙያሽ የመከረሽ ሁለቱም ነገር ጎግል ከአሥር ዓመት በላይ ሲያሳድደው የኖረ ነገር ነው። የተገዛውን ሊንክ አብዛኛውን ጊዜ ሳይቆጥረው ያልፈዋል፤ ገንዘብሽን ውኃ በላው ማለት ነው። ሲብስ ደግሞ ማኑዋል አክሽን ይመጣል። የጎግል ሠራተኛ ራሱ ገጹን አይቶ የሚሰጠው ቅጣት ነው። ሰርች ኮንሶል ላይ በዚሁ ስም ቦታ አለው። እዚያ ምንም ካልተጻፈ በዚህ አልተቀጣሽም።

በዋናው አፕዴት፣ ማለትም ጎግል የደረጃ አወጣጡን በጠቅላላ ሲከልስ፣ መውረድ ቅጣት አይደለም። ጎግል ለዚያ ጥያቄ የሌላ ሰው ገጽ የተሻለ ይመልሳል ብሎ አሰበ ማለት ነው። እውነቱን እንነጋገር፣ ያስቀመጥሽውን ሊንክ ከፍቼ አንብቤዋለሁ። "በውቧና በማራኪዋ ሐዋሳ ምቹ ማረፊያ" ይላል። ስሙን ብትቀይሪው የየትኛውም ቤት ይሆናል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቤተሰብ የሚፈልገው ሌላ ነው። ከመናኸሪያ በባጃጅ ስንት ደቂቃ ነው? ማታ አራት ሰዓት ብንደርስ የሚከፍት አለ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሙቅ ውኃውንም ያሠራል ወይስ አምፖሉን ብቻ? አሞራ ገደል ዓሣው ሲወጣ ለማየት ስንት ሰዓት እንነሳ? ታቦር ተራራ ልጆች ይዞ ይወጣል? እንግዶችሽ በስልክ ደጋግመው የሚጠይቁሽን ጻፊው፤ በራስሽ ቋንቋ፣ በራስሽ ፎቶ። ይህን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ኤአይም አያውቀውም።

ፎቶው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ የሚከፈተው የሐይቁ ፎቶ ከካሜራ እንደወረደ ነው የተሰቀለው። በስልኬ ዳታ ስከፍተው ጽሑፉ መጥቶ ፎቶው ቀረ፤ ከዚያ ድንገት ሲመጣ የስልክ ቁጥርሽን ገፍቶ ወደታች አወረደው። ጎግል የገጹ ትልቁ ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። ፎቶውን አሳንሰሽ ስቀዪ፤ ቦታውንም አስቀድሞ እንዲይዝ አስደርጊ። ፍጥነት ብቻውን አንደኛ አያደርግሽም፤ እንግዳው ግን አይጠብቅም። ጎግል የሚያነበው የሞባይሉን ገጽ ስለሆነ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚታይ የዋጋ ዝርዝር ካለሽ እሱንም ወደ ሞባይሉ አምጪው።

ጎግል ካርታ ላይ ያለውን የቤትሽን ገጽ አትርሺ። ስልክሽ፣ ሰዓትሽና ፎቶሽ ትክክል ይሁን። እንግዳ ሲወጣ አስተያየት እንዲጽፍልሽ ጠይቂ፤ ቅናሽ እየሰጠሽ ግን አታስጽፊ፣ ክልክል ነው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ውጤቱ በማግስቱ አይታይም። አንዳንዱ በቀናት ይታያል፤ አንዳንዱ ወራት ይወስዳል፣ ቀጣዩ ትልቅ አፕዴት ድረስም ሊያቆይሽ ይችላል። በአንድ ሳምንት አንደኛ አደርግሻለሁ ያለሽን ሰው በዚህ ለዪው።

ባለሙያውን ለሌላ ሥራ ከፈለግሽውም ሰርች ኮንሶል ላይ ተጠቃሚ አድርገሽ አስገቢው፤ ባለቤትነቱ ግን ያንቺ ይሁን። ዶሜይኑም፣ የዌብሳይትሽ አድራሻ ማለት ነው፣ በማን ኢሜይል እንደተመዘገበ ዛሬውኑ አጣሪ። በሠሪው ስም ከሆነ ሳትጣሉ፣ አሁኑኑ ወደ ስምሽ አስዙሪው።