ዲ2ን መጀመሪያ አጠንክረው፣ ከዚያ ዋየር ካት

ሰላም ወንድሜ። ለ2 ሚሊ ላሜራ መብሻ ዳይ (ላሜራው የሚበሳበት፣ ቀዳዳ ያለው የታችኛው መቁረጫ) ከዲ2 (መቁረጫ ከሚሠራበት ጠንካራ ብረት) ልትሠራ ነው፤ ጥያቄህ "በዋየር ካት አስቆርጬ ላጠንክር ወይስ አጠንክሬ ላስቆርጥ?" የሚል ነው። አጠንክረህ አስቆርጥ። ዋየር ካት በቀጭን ሽቦና በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚቆርጥ ማሽን ነው፤ የብረቱ ጥንካሬ ግድ አይሰጠውም። ሽቦው ብረቱን አይነካውም፤ በመሃላቸው ውሃ አለ፣ በዚያ ውሃ ውስጥ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የምትዘለው ብልጭታ ናት ብረቱን በነጥብ በነጥብ እያቀለጠች የምታነሳው። ቀድመህ ቆርጠህ ለማጠንከር እሳት ውስጥ ከከተትከው ግን መጠኑ ይለወጣል፣ ይጣመማል፣ ያ ሁሉ የማይክሮን ድካም ገደል ገባ ማለት ነው።

ከማጠንከሩ በፊት ሽቦው የሚገባበትን ቀዳዳ በተራ ድሪል ብሳ። በኋላ ድሪል አይገባለትም። ሂት ትሪትመንት (በሙቀት ማጠንከሩን) የሚሠራልህን ሰው ደግሞ ከ500 ዲግሪ በላይ፣ ቢያንስ ሁለቴ ቴምፐር እንዲያደርገው (ከጠነከረ በኋላ መልሶ እንዲያሞቀው) አጥብቀህ ንገረው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በ200 ዲግሪ ብቻ ቴምፐር የሆነ ዲ2 ውስጡ ውጥረት ታምቆ ይቀራል፤ ሽቦው መሃሉን ሲከፍተው ያ ውጥረት መውጫ ያገኛል፣ ቅርጹ ይከፈታል ወይ ሽቦውን ይቆነጥጣል፣ አንዳንዴም ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ከዚያ ጥፋቱ የኦፕሬተሩ ይሆናል (ምስኪን!)።

ከዳዩ ውስጥ የሚወጣውን ቁራጭ ፓንች (ከላይ ወርዶ ላሜራውን የሚበሳው) ላድርገው ያልከው አይሆንም። የ0.25 ሚሊ ሽቦ ከብልጭታው ክፍተት ጋር ወደ 0.3 ሚሊ ይበላል፣ ያውም በየጎኑ። ለአንተ ላሜራ በፓንቹና በዳዩ መሃል በየጎኑ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ክፍተት ነው የሚፈለገው። ፓንቹን ለብቻው አስቆርጥ። ሽቦው ክብ ስለሆነ የውስጥ ማዕዘንም ስል ሆኖ አይወጣልህም፣ 0.15 ሚሊ ገደማ ራዲየስ ይቀራል፤ የግድ ስል ይሁን ካልክ በኤሌክትሮድ የሚሠራው ኢ.ዲ.ኤም (በሽቦ ፋንታ ቅርጽ ባለው ኤሌክትሮድ፣ በዚያው ብልጭታ የሚቀርጽ ማሽን) ጋ መሄድ አለብህ።

ዋጋ ስትነጋገር ስንት ፓስ እንደሆነ (ሽቦው በአንድ መስመር ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ) ጠይቅ። በአንድ ፓስ ብቻ የተቆረጠ ፊት ላይ ቀልጦ መልሶ የረጋ፣ ቶሎ የሚሰባበር ስስ ንጣፍ ይቀራል፣ የዳዩ ጠርዝም ከዚያ ነው መቆራረስ የሚጀምረው። ለሚቆርጠው ጠርዝ ሁለት የማለስለሻ ፓስ ጨምር። ቁራጩ ለሚወድቅበት ለታችኛው ክፍል ግን አንዱ ይበቃል፣ ብርህን አትጣል።

የዳዩን ውፍረት አልጻፍክም። ሰዓቱም ዋጋውም በእሱ ነውና እዚሁ ጻፈው፣ ስንት እንደሚያስከፍሉህ በግምት እነግርሃለሁ።