«ያለሽ መረጃ እንጂ ማስረጃ አይደለም»

ጥያቄ፦ ለጎረቤቴ 40 ሺህ ብር በእጅ አበደርኳት። ወረቀት አልተጻፈም፤ ስቆጥርላት ግን ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ያዩ ነበር። አሁን ካደችኝ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ያለ ራፖር ጸሐፊ «ያለሽ መረጃ እንጂ ማስረጃ አይደለም» ብሎ መለሰኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ጸሐፊው የነገረዎት ልክ ነው፤ ግን እንዲህ በአንድ ቃል ተነግሮ የሚተው ነገር አይደለም። መረጃ እርስዎ ራስዎ የተረዱበት ነው። ማስረጃ ደግሞ ሌላውን፣ እዚህ ላይ ዳኛውን፣ የሚያስረዱበት። ብሩ መሰጠቱን እርስዎም ሦስቱ ሰዎችም ታውቃላችሁ። ዳኛው ግን አልነበሩም፤ በምን እንደሚረዱ የሚወስነው ሕጉ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ነው ይላል። ምስክር የለበትም። ሦስት ቢሆኑ ሠላሳ፣ ቄስ ቢሆኑ ሼኽ፣ ለውጥ የለውም። 500 ብር ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የሳምንት አስቤዛ አይሸፍንም፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ ነው። እውነታቸውን ይዘው፣ ሽማግሌ አስከትለው መጥተው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ ሰዎችን ሳይ ያንገበግበኛል። የመኪና አደጋ ወይም ድብደባ ቢሆን ኖሮ እነዚያው ሦስት ሰዎች ጥሩ ማስረጃ ይሆኑልዎት ነበር።

ስለዚህ የሚያዋጣዎት የተበዳሪዋ የራሷ ቃል ነው። ስልክዎን ይፈትሹ። «እስከ ፋሲካ ታገሺኝ፣ 40 ሺውን እከፍላለሁ» የሚል መልእክት ልካልዎት ከሆነ እንዳያጠፉት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለእንዲህ ዓይነት መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ፎቶውን አሳትሜአለሁ ብለው ስልኩን እንዳይሸጡት፤ «እኔ አልጻፍኩም» ብትል ዋናው ይፈለጋል።

መልእክት ከሌለ ሦስቱን ሰዎች ለምስክርነት ሳይሆን ለሽምግልና ይላኳቸው። ዕዳዋን አምና ትፈርም፤ ገንዘቡ በአኃዝና በፊደል ይጻፍ፣ የሚከፈልበት ቀን ይግባ፣ ከሥር ሁለቱ በምስክርነት ይፈርሙ። ያኔ ያዩት ነገር ወረቀት ላይ ሰፈረ ማለት ነው። እምቢ ካለች ክሱን መሥርተው ዳኛው ፊት ብድሩን ታምን ወይም ትክድ እንደሆነ ትጠየቅ፤ ሰው ፊት የካደ ሁሉ ችሎት ላይ አይክድም። መሐላውን መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ ከማለች ነገሩ በዚያው ሊያበቃ ይችላል።